ቀጥ አድርጎ እየመታ የሚስተው ግንበኛ

አንድ ሀብታም ግንበኛ ነበረ። ቆይ አስካለ፣ አታቋርጪኝ፤ ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። «እውነቱን ይዤ ወንድሜ ቤት ሄድኩ፤ ታዲያ ለምን በሩን ዘጋብኝ?» ነው ያልሽኝ። እሁድ የእናታችሁ ሙት ዓመት ነው፤ ወንድሜ መኩሪያ ካልመጣ ባለቅስም አይወጣልኝም ብለሻል። እሺ፣ እንግዲያው ስሚ።

ይህን ግንበኛ በስተርጅናው የጎልፍ ልክፍት ያዘው። አትሳቂ! ትንሽ ነጭ ኳስ በዱላ እየመቱ ሩቅ ካለች ጉድጓድ የሚከቱበት ጨዋታ ነው። ሜዳውን አቋርጦ ጉድጓዷ አጠገብ መድረስ አልቸገረውም፤ ክንዱ የግንበኛ ክንድ ነው። ጉዱ መጨረሻ ላይ ነው። በጉድጓዷ ዙሪያ ሳሩ እንደ ምንጣፍ ተላጭቷል፤ እዚያ ላይ ኳሷን ገፋ አድርጎ መክተት ብቻ ነው የቀረው። እሱ ግን አይሆንለትም።

እልኸኛ ነውና ግቢው ውስጥ መለማመጃ ሠራ። እንደ ሙያው አደረገዋ! አፈሩን ደለደለ፣ ውሃ ልኩን አስቀመጠ፣ ጠረጴዛ አስመስሎ አስተካከለው። ጠዋት ማታ እዚያ ላይ ሲለማመድ አንድም አይስትም። ሜዳው ሄዶ ሲመታ ግን ኳሷ ጉድጓዷን በጎን ታልፋታለች። ዱላ ቀየረ፣ ጫማ ቀየረ፣ ሳር አጫጁን ሰደበ። «እኔ ቀጥ አድርጌ ነው የመታሁት!» ይላል። እውነቱን እኮ ነው፤ ቀጥ አድርጎ ነው የመታው።

አንድ ቀን ጓደኞቹ ፊት «ዛሬ ካልገባልኝ ዱላዬን እሰብራለሁ፣ እዚህ ሜዳ ድርሽ አልልም» ብሎ ፎከረ። አንዴ ከአፉ ወጥቷል፣ መመለሻ የለውም። እንደ ልማዱ ገሰገሰና ጉድጓዷ አጠገብ ደረሰ። ውሃ ሲጠማው ከጉድጓዷ ማዶ ዞረና ቁጢጥ ብሎ ኮዳውን ከፈተ። ኮዳው አመለጠውና ውሃው ፈሰሰ። የፈሰሰው ውሃ ባለበት አልቆመም፤ በሳሩ መሃል እየተሹለከለከ ወደ አንድ ጎን ሄደ።

ያን ጊዜ ቀና ብሎ ኳሷ ወዳለችበት አየ። ከወዲያ ቆሞ ሲያየው ዝርግ የነበረው መሬት ከዚህ ማዶ ሲታይ ያዘመመ ነው። «ወይ ጉድ! ያን ሁሉ ቤት ሠርቼ መሬት ማየት ያቅተኝ!» አለ።

ተመለሰና ኳሷን መታት፤ ወደ ጉድጓዷ ግን አይደለም፣ አንድ ክንድ ያህል ወደ ላይኛው ጎን አስቶ ነው። ጓደኞቹ «ኧረ ሰውዬው አበደ!» ብለው ጮኹ። ኳሷ ወደማይሆን ቦታ ሄደች፣ ሄደች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ታጠፈች፣ ቁልቁል ወረደችና ጉድጓዷ ውስጥ ገባች።

ይኸው ነው አስካለ። አንቺም ቤትሽ ውስጥ ብቻሽን ንግግርሽን ስትለማመጂ አንድም ቃል አትስቺም። ሜዳው ግን መኩሪያ ነው፤ እሱ ደግሞ ዝርግ አይደለም። «እናታችን ስትሞት አጠገቧ አልነበርክም» አልሽው። እውነት ነው፣ አልነበረም። ቀጥ አድርገሽ ነው የመታሽው። እስቲ አሁን ከእሱ ማዶ ቁጢጥ ብለሽ እይልኝ፤ እናታችሁ መታመሟን ለእሱ የነገረው ማን ነው?

ማንም አልነገረውም። «ቢነገረውም አይመጣም» ብለሽ ተውሽው፣ አይደል? እሱ የሰማው ከቀብሩ በኋላ ከሰው አፍ ነው። መሬቱ ያዘመመው እዚያ ጋ ነው፣ ልጄ።

እውነትሽን ጣይው አላልኩሽም፤ ኳሷም ያችው ናት፣ ጉድጓዷም ያችው። አሁን ነጠላሽን ልበሺና ሂጂ። በሩን ሲከፍትልሽ ስለ እሱ አንድ ቃል እንዳትናገሪ። «ወንድሜ፣ ሳልነግርህ ቀረሁ» በይውና ዝም በይ። የቀረውን መንገድ እሱ ራሱ ይመጣል።