በበሩ የምትመጣ ልጅ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ ሽማግሌው ሐኪም፣ «የገዛ እናቴ ለምን ታባርረኛለች?» ብላ ለጠየቀቻቸው ሴት።

ባለጠጋ ነበር። ግቢውን በአጋም አጥር አሳጥሮ አንዲት በር ብቻ አስቀረ፤ በበሩም ላይ በረኞች አቆመ፤ የጓሮውን አትክልት ውኃ የሚያጠጡትም እነሱ ነበሩ። ሕጉ አንድ ነበር፤ በበሩ ያልገባ ሌባ ነው። እንግዳ ሲመጣ በረኛው ስሙን ጠርቶ ያሳውቃል፣ ጌታው «ይግባ» ይላል፣ በሩ ይከፈታል። አጋም ደግሞ ካልተከረከመ በር አያስቀርም። የት ላይ እንደሚቆረጥ፣ ቁራጩም የት እንደሚጣል በየማለዳው ከወንዝ ማዶ በበቅሎ የሚመጣ መልእክተኛ ለበረኞቹ ይነግራቸው ነበር።

ዓመታት አለፉ። መልእክተኛው መምጣቱን በሳምንት አንዴ አደረገው፤ ከዚያም ጭራሽ ቀረ። ለምን ቀረ ብሎ የጠየቀ የለም። ሰው የሚደነግጠው በሩ ሲዘጋበት ነው። በረኞቹ እንዳሻቸው መቁረጥ ጀመሩ፤ ቁራጩንም አርቆ መጣል ታከታቸውና እዚያው በሩ ሥር ጣሉት። የአጋም እሾህ ክፉ ነው። ቁራጭ ከቁራጭ ተያያዘ፣ ተቆለለ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚል አንድ ሰው እንኳ አልተገኘም። በመጨረሻ በሩ አልከፈት አለ። ሌሎች መልእክተኞች መጥተው «ለጓሮው ውኃ ልቀቁ!» ብለው ቢጮኹም፣ በረኞቹ ከክምሩ ወዲህ ሆነው አልሰሙም። ጓሮው ከዳር ጀምሮ ደረቀ።

ሰውየው ማዶ መንደር ያገባች አንዲት ልጅ ነበረችው። ቅዳሜ ቅዳሜ እርጎ በቅል ይዛለት ትመጣለች። እሱም ቅዳሜ ሲሆን ኩታውን አጣፍቶ በሩ ፊት ለፊት ይቀመጣል። አሁን ግን ልጁ ከውጭ «አባዬ!» እያለች ብትጣራ፣ እሱ ዘንድ የሚደርሰው የእሾህ መንኮሻኮሽ ብቻ ሆነ። አንድ ቅዳሜ ቀረች አለ። በሁለተኛውም ቀረች አለ። በሦስተኛው አንጀቱ አረረ፤ «ባሏ ቤት ሞልቶላት አባቷን ረሳች» አለ። ያን ሲል ልጅቱ ከበሩ ውጭ ቆማ ታለቅስ ነበር።

በአራተኛው ቅዳሜ አልቻለችም። ቅሉን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ አጥሩን በእጇ ፈልቅቃ ገባች። እጇ ደም በደም ሆነ። አባቷ ኮሽታ ሰምቶ ዞር ቢል፣ በአጥር የገባ ሰው አየ።

«ሌባ!»

«አባዬ፣ እኔ እኮ ነኝ! ልጅህ!»

«ልጄን እንዳታነሺብኝ! የእኔ ልጅ የምትመጣው በበሩ ነው!»

ዱላውን አንስቶ የደማውን እጇን መታት። ቅሉ ወድቆ ተሰበረ፤ እርጎውን አፈር ጠጣው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ከዚያም ሰውየው ኩታውን አስተካክሎ፣ ልጁን ሊጠብቅ ወደ ተዘጋው በር ዞሮ ተቀመጠ።

ሐኪሙ መነጽራቸውን አውልቀው ሴትየዋን ተመለከቱ።

«ግቢው በመርሳት በሽታ የተያዘው የእናትሽ የአንጎል ሕዋስ ነው፤ አጥሩ ስስ ሽፋኑ ነው። በረኞቹ ሽፋኑ ላይ የተተከሉ ፕሮቲኖች ናቸው። መልእክተኛው በደም የሚመላለስ ሆርሞን ነው፤ የሴት ወር አበባ ሲቋረጥ አብሮ የሚጎድል አለ። እሾሁም ከሽፋኑ ላይ ከቆመ ፕሮቲን ያለ ቦታው ተቆርጦ በሕዋሶቹ መካከል የሚጠራቀም ቁራጭ ነው። ሁሉን አውቀነዋል አልልሽም፣ ልጄ። ክምሩን ማንሳት ገና እየተማርን ነው። የደረቀውን ጓሮ ማለምለም ግን አልቻልንም። ዕድሜዬን የፈጀሁት በዚህ ነው፤ ይቆጨኛል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ ዶክተር?»

«ሂጂ። ባዶ እጅሽን አትሂጂ። ሌባ ትልሻለች፣ ምናልባትም ትመታሻለች። እየመታችሽም የምትጠብቀው አንቺኑ ነው።»