እትዬ አንጓችና አንዲቷ የደንገል ሥር

ቀረብ በሉ፤ የሐይቅ ዳር ወሬ ልንገራችሁ።

ጋሽ ደምለው ዕድሜ ልካቸውን ሐይቅ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ታንኳ ሲያስሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ጉልበታቸው ሲከዳቸው ሐይቁ ድረስ መሄድ ተዉ። እሱስ ባልከፋ፤ መናገርም ተዉ። የጓሮ በር ላይ ተቀምጠው ዝም።

ሚስታቸው እትዬ አንጓች ጓሮ ውስጥ ትንሽ ኩሬ ቆፍረው ውሃ ሞሉ። «ደንገል ሲንሿሿ ከሰማ ይናገር ይሆናል» አሉ። የጎደለው አንዲት የደንገል ሥር ብቻ ነው።

ወደ ደንገል ቆራጩ ወደ መንበሩ ሄዱ።

«መንበሩ ሥር ቁረጥ፤ ሥሩ ኩሬ ይግባ፤ ደምለውም ይናገር!»

«ደስ ይለኝ ነበር እትዬ፤ ግን ማጭዴ ዶልዱሟል።»

ወደ ቀጥቃጩ ወደ ጌጤ ሄዱ።

«ጌጤ ማጭድ ሳል፤ መንበሩ ሥር ይቁረጥ፤ ሥሩ ኩሬ ይግባ፤ ደምለውም ይናገር!»

«ማጭዱ እሳት ይፈልጋል፤ ከሰል ደግሞ አልቆብኛል» አለ ጌጤ።

ወደ ከሰል ሻጯ ወደ የሻረግ ሄዱ።

«የሻረግ ከሰል ስጪ፤ ጌጤ ማጭድ ይሳል፤ መንበሩ ሥር ይቁረጥ፤ ሥሩ ኩሬ ይግባ፤ ደምለውም ይናገር!»

«ከሰሉ ዳገቱ ላይ ነው እትዬ። አህያዬ ደግሞ ይኸውልዎት፣ ለምለም ሣር ካልቀመስኩ አልነሳም ብላ ተዘርግታለች።»

አህያዋን ለመኗት፤ ጆሮዋን እንኳ አላነቃነቀችም። ለምለም ሣር ያለው ሐይቁ መሃል ደሴቱ ላይ ነው። ስለዚህ ወደ ቀዛፊው ወደ አላምረው ሄዱ።

«አላምረው ሣር አምጣ፤ አህያዋ ትነሳ፤ የሻረግ ከሰል ትስጥ፤ ጌጤ ማጭድ ይሳል፤ መንበሩ ሥር ይቁረጥ፤ ሥሩ ኩሬ ይግባ፤ ደምለውም ይናገር!»

አላምረው ሳቀ። «በምን ልሻገር? ታንኳዬ ማሰሪያው ላልቶ ሊበተን ነው። ይህን አጥብቆ የሚያስር ከጋሽ ደምለው በቀር ማን አለ?»

እትዬ አንጓች አፋቸውን ያዙ። «የደከመው ጉልበቱ ነው እንጂ እጁማ ምን ሆነ! በል ታንኳህን ተሸከም!»

አላምረው ታንኳውን ተሸክሞ ጋሽ ደምለው እግር ሥር ጣለው። ሽማግሌው አዩት። ዳሰሱት። መዳፋቸው ላይ እንትፍ እንትፍ ብለው ገመዱን በጥርሳቸው ጭምር ጎተቱ፤ ቃል ሳይወጣቸው አስረው ጨረሱ።

አላምረው ሣር አመጣ፤ አህያዋ ተነሳች፤ የሻረግ ከሰል ሰጠች፤ ጌጤ ማጭድ ሳለ፤ መንበሩ ሥር ቆረጠ፤ እትዬ አንጓችም ሥሩን ይዘው ኩሬው ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ገቡ። ጎንበስ ብለው ከመካከሉ፣ ከጥልቁ ሊተክሉት ሲሉ፣

«አንቺ ሴትዮ!» የሚል ድምፅ ጓሮውን አናወጠው። «ልታሰምጪው ነው እንዴ? ዳር ላይ! ሥሩ ጭቃ ይያዝ፣ አንገቱ አየር ያግኝ! እንዳይንሳፈፍ ድንጋይ ጫኚበት! ኧረ ትልቅ ድንጋይ አይደለም…»

ጋሽ ደምለው ያን ቀን ፀሐይ እስክትጠልቅ አላቆሙም። እትዬ አንጓች «እስኪ ትንሽ ዝም በል!» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና፣ ቶሎ በጭቃማ እጃቸው ከደኑት።

ተረቴ አለቀ፤ እግሬም ከጭቃው ወጣ።