የሚቀጥለው ስብሰባ

ወደ አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስደው ፈጣን መንገድ ካርታው ላይ ሲያዩት ቀጥ ያለ፣ የሚያምር ነበር። ጥፋቱ አንዲትን መንደር ለሁለት መክፈሉ ነው። ግራና ቀኙ በአጥር ተዘጋ፤ መሻገሪያ ድልድዩም ከመንደሯ እጅግ ርቆ ተሠራ።

መንገዱን ያቀደው ኢንጂነር ነዋሪውን ሰብስቦ፣ "ዓለም ደጃችሁ መጣላችሁ! ከዚህ ተነሥቶ ዱባይ ለመግባት አራት ሰዓት ብቻ ነው" እያለ ሲደሰኩር፣ አንዲት ወተት ሻጭ አሮጊት አቧራ ለብሰው ገቡ።

ኢንጂነሩ ንግግሩ ስለተቋረጠበት ተቆጣ።

"እማማ፣ ቤትዎ የት ነው?"

አሮጊቷ ከመንገዱ ማዶ ያለችውን ቆርቆሮ ቤት በመስኮቱ አሳዩት።

"ታዲያ እዚህ አፍንጫችን ሥር ሆነው ነው የሚያረፍዱት? እኔ እንኳ ከመሀል ከተማ በሃያ ደቂቃ ደርሻለሁ! እስቲ ምክንያትዎን ለሕዝቡ ያስረዱ።"

አሮጊቷ ነጠላቸውን አራገፉ።

"ልጄ፣ እስከ ድልድዩ ሁለት ሰዓት ተኩል በእግሬ ሄድኩ። ተሻግሬ ደግሞ ሁለት ሰዓት ተኩል ወዲህ ተመለስኩ። ዱባይ አራት ሰዓት ከሆነማ የሚቀጥለውን ስብሰባ እዚያ አድርግልኝ፤ ለእኔ እሱ ይቀርበኛል።"