አምባዛ ያሳያት ምንጭ

ከፎገራ ሜዳ ዳር፣ ሜዳው አልቆ ጋራው በሚጀምርበት ቦታ፣ ከአንዲት ሾላ ሥር የምትፈልቅ «እፎይ» የምትባል ምንጭ አለች። ዛሬ ሰውም ከብትም ይጠጣታል። ሽማግሎች እንደሚሉት ግን ስሟ የወጣላት፣ ሰው ሁሉ አገሩን ጥሎ በሄደበት በአንድ ክፉ ዓመት ነው።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ሳይዘንብ አለፈ ይባላል። ወንዙ ደርቆ ከመንደሩ በታች አንድ ኩሬ ብቻ ቀረ፤ በኩሬውም ውስጥ አምባዛ የተባለው ዓሣ ተጨናንቆ ጭቃውን ያተራምስ ነበር። አምባዛ ቅርፊት የለውምና የዚያ አገር ሰው አይበላውም፤ መረብ ውስጥ ቢገባ እንኳ አሽቀንጥሮ ይጥለዋል እንጂ ጠባዩን ልብ ብሎ ያየ አልነበረም። እናም ዓሦቹ ደጋግመው አፋቸውን ከውሃው በላይ ብቅ እያደረጉ አየር ሲጎርሱ ቢያዩ፣ የመንደሩ ሽማግሌ አያ ደምለው፣ ውሃው ተመርዟል፣ ዓሣው እንኳ ሊያልቅ ነው ብለው ፈረዱ። ሽማግሌ ሲሳሳት ደግሞ ብቻውን አይሳሳትም፤ አገር አስከትሎ ነው። ኩሬው በእሾህ ታጠረ፤ ሰዉም ከብቱን እየነዳ ወደ ደጋ ወጣ።

አንጓች የምትባል አንዲት ባልቴት ግን መሄድ አልቻለችም። ልጇ ብርቄ ወሯ ገብቶ ነበርና በቃሬዛ ቢሸከሟት መንገድ ላይ እንዳትወልድ ተፈራ። አማቿ፣ የብርቄ ባል፣ ከብቱን አድርሶ በሳምንቱ ሊመለስ ቃል ገባ፤ ከየቤቱ የተጠራቀመ ሁለት እንስራ ውሃ ተተወላቸውና እናትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። እንስራው በሦስተኛው ቀን ተሟጠጠ። የልጇ ከንፈር ሲሰነጠቅ እያየች እናት እንዴት ትቀመጥ? አንጓች እሾሁን ገልጣ ወደ ኩሬው ወረደች።

መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ሞኝነት ነበር። ዓሣው ሞቶ ውሃውን ጭራሽ እንዳያገማው ብላ ትልቁን አምባዛ በዶማ ጎትታ ዳር ላይ ጣለችው። ያ በጠዋት ነው። ወደ ማታ ብትመለስ ዓሣው እርጥብ ጭቃ ላይ ተኝቶ፣ አፉን ከፈት ዘጋ እያደረገ በሰላም ይተነፍሳል። አንጓች እጇን አፏ ላይ ጭና ቆመች። ለካስ ዓሣው ከውሃው ብቅ እያለ አየር መሳቡ ጠባዩ ኖሯል እንጂ ጣር አልነበረም። ውሃውን በነጠላዋ አጥልላ፣ አፍልታ፣ አስቀድማ ራሷ ጠጥታ አደረች፤ ምንም ስላልሆነች ለልጇ ሰጠቻት።

ይሁን እንጂ ኩሬው ከቀን ወደ ቀን እየጠበበ ሄደ። በአምስተኛው ቀን ማለዳ ትንሽ ካፊያ ጣል አድርጎ ሣሩ ቢረጥብ፣ አምባዛዎቹ ተራ በተራ ከጭቃው ወጥተው፣ በክንፋቸው እየተደገፉ፣ በሆዳቸው እየተሳቡ ሜዳውን ያቋርጡ ጀመር። አንጓችም ዶማዋን ተሸክማ፣ የዓሣ አሽከር ሆና፣ ከኋላ ከኋላ ተከተለቻቸው። ዓሦቹ ሾላዋ ሥር ሲደርሱ ቅጠል በሸፈነው ረግረግ ውስጥ ሰመጡ። እሷም ከጎናቸው ቆፈረች፤ አንድ ክንድ ያህል እንደዘለቀች ቀዝቃዛ ውሃ እግሯን አራሰው። «እፎይ» ብላ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠች፤ የምንጯም ስም ይኸው ሆነ ይባላል።

ብርቄ በማግስቱ በሰላም ተገላገለች፤ ሕፃኗም በዚያው ውሃ ታጠበች። በሳምንቱ አማቿና አያ ደምለው ለቀብር ዶማና አካፋ ይዘው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቢመጡ፣ ከጎጆው ጢስ ሲወጣ አዩ፤ ሕፃን ስታለቅስ ሰሙ። አባትየው አካፋውን ጥሎ ሮጠ። ሽማግሌው ግን ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው በደስታ አለቀሱ።

«አንጓች፣ ወደ ውሃ ማን መራሽ?» አሏት።

«ስንጥለው የኖርነው አምባዛ ነዋ፣ አያ ደምለው» አለች። «ሲተነፍስ አይተን ሊሞት ነው አልን።»

«የፈረድኩት እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ» አሉ።

የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ የተናቀው ዓሣ በዚያ አገር ባለክብር ሆነ። ዛሬም አይበሉትም፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ክረምት ገብቶ ሜዳው ሲረጥብ፣ አምባዛ በደረቱ እየተሳበ እርሻውን ሲያቋርጥ ያየ ገበሬ በሬዎቹን ያቆማል። መንገደኛ አይቶ ለዓሣ ብሎ መቆም ምን የሚሉት ነው ብሎ ቢስቅበት፣ ገበሬው ጅራፉን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ «ይለፍ፤ እሱ የሚሄድበትን ያውቃል» ይለዋል።