ወራጅ አለ፤ በሩ ግን አልሰማም

ነገር ሁሉ የተበላሸው በአንድ የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ ነው። እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ አንዳርጌ በአንድ የአውቶቡስ ድርጅት ጋራዥ ውስጥ የኤሌክትሪክ ኢንጂነር ነበር። የዚያን ዕለት የጋራዡ ኃላፊ አቶ ድንበሩ "ሽርሽር ነው፣ ይድመቅ እንጂ!" ብለው አንድ የሚብለጨለጭ ሙዚቃ ማጫወቻ ለሽርሽር በሚወጣ አውቶቡስ ላይ አስቀጠሉ። አውቶቡሱ ደርቆ ቀረ። አንዳርጌ "ማጫወቻውን ንቀሉት" አለ። አቶ ድንበሩ "የአውቶቡሱን ኮምፒውተር ያቃጠለው አንዳርጌ ነው" አሉ። ማጫወቻው እዚያው ቀረ፣ አንዳርጌ ተባረረ። በምን አቃጠልኩት ቢል የሚነግረው ጠፋ።

ይህን በጉያችሁ ያዙና ተሳፈሩ፤ ተረቱ ሊነሣ ነው።

ዓመታት አለፉ። አንዳርጌ ኮምቦልቻ ላይ የመኪና ኤሌክትሪክ መጠገኛ ሱቅ ከፈተ። አንድ ቀትር ላይ ወደ ሱቁ ሲመለስ አዲስ አውቶቡስ አገኘና ገባ። አውቶቡሱ ግንባሩ ላይ የመብራት ሰሌዳ አለው። "እንኳን ደህና መጣችሁ" ይላል፣ ቀይ ይሆናል፣ አረንጓዴ ይሆናል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይላል። የፊት ወንበር ላይ ባለቤቱ ተኮፍሰዋል። ባለቤቱ ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ጡረታ የወጡት አቶ ድንበሩ! አንዳርጌ ጥርሱን ነከሰና ከኋላቸው ተቀመጠ።

አንድ ድልድይ አለፍ እንዳሉ እትዬ ስንዱ የተባሉ፣ እንቁላል በካርቶን የታቀፉ ሴት ተነሡ።

"ወራጅ አለ!"

ሹፌሩ ሸምሱ አውቶቡሱን አቆመ፤ የበሩን ቁልፍ ተጫነ። በሩ ዝም። ደግሞ ተጫነ። በሩ ዝም። የአደጋ ጊዜ መክፈቻውን ቢጎትተው እጀታው ተነቅሎ እጁ ላይ ቀረ። መስኮቱ እንደሆነ የማይከፈት ድፍን መስታወት ነው።

"ወራጅ አለ እኮ ነው የምለው!" አሉ እትዬ ስንዱ። "ወይስ በጭስ ማውጫው ልውረድልህ?"

አንዳርጌ ተነሣ። ከቦርሳው መዳፍ የምታክል የመኪና ኮምፒውተር ማንበቢያ አወጣና ከመሪው ሥር ሰካት።

"ምን እያደረግህ ነው፣ ወንድም?" አለ ሸምሱ።

"እያዳመጥኩ።"

በአውቶቡስ ሆድ ውስጥ ብዙ ትንንሽ ኮምፒውተሮች አሉ፤ ሁሉም ተጠማዝዘው በተገመዱ ሁለት ሽቦዎች ላይ ይንጠለጠላሉ። ኑሯቸው እንደ ደህና እድር ነው። አንዱ ሲናገር ሁሉም ይሰማል። ሁለቱ አብረው ቢጀምሩ ነገሩ የከበደበት ይቀድማል፤ ሌላው ዝም ብሎ ተራውን ይጠብቃል። የሰማ "ሰማሁ" ይላል። ስሕተት የደጋገመ ደግሞ ማንም ሳይገፋው በገዛ እጁ ከሸንጎው ይወጣል። እንዲህ ያለ ደንብ በመሥሪያ ቤት ቢኖር ስንቱ ወንበር ባዶ ይቀር ነበር!

አንዳርጌ መጀመሪያ በሩን ጠየቀ። "በር ሆይ፣ እትዬ ስንዱን ምነው አታወርድ?"

"ጎማ ቆጣሪው 'ቆመናል' ሳይለኝ? ሰው ከሚሮጥ መኪና ላይ ላፍስስ እንዴ?"

የጎማውን ዙር የሚቆጥረውን ጎማ ቆጣሪ ጠየቀ። "ለበሩ ምነው አትነግር?"

"ፍሬኑ 'ይዣለሁ' ሳይለኝ? ቆመናል ባልኩ ማግስት ቁልቁል ብንንሸራተት ማን ሊሰደብ ነው?"

ጎማ ቆጣሪው ለበሩ አይነግር፣ በሩ አይከፈት፣ እትዬ ስንዱ አይወርዱ!

ፍሬኑን ጠየቀ። "ለጎማ ቆጣሪው ምነው አትነግር?"

"ማርሹ 'ዜሮ ገብቻለሁ' ሳይለኝ ትንፍሽ አልልም። እኔ የታዘዝኩትን ነው።"

"ይሄንንስ ከሰው አፍም ሰምቼዋለሁ" አለ አንዳርጌ።

ፍሬኑ ለጎማ ቆጣሪው አይነግር፣ ጎማ ቆጣሪው ለበሩ አይነግር፣ በሩ አይከፈት፣ እትዬ ስንዱ አይወርዱ!

ማርሹን ጠየቀ። "ለፍሬኑ ምነው አትነግር?"

"ሞተሩ 'ረግቤአለሁ' ይበለኛ! እሱ እየጋለበ እኔ ዜሮ ልግባ? ጥርሴን ላርግፍ?"

ማርሹ ለፍሬኑ አይነግር፣ ፍሬኑ ለጎማ ቆጣሪው አይነግር፣ ጎማ ቆጣሪው ለበሩ አይነግር፣ በሩ አይከፈት፣ እትዬ ስንዱ አይወርዱ!

"ምን አገኘህ፣ ልጄ?" አሉ እትዬ ስንዱ።

"ሁሉም ወደ ሌላው ይጠቁማል፣ እትዬ።"

"እሱንማ ቀበሌ ስሄድ አውቀዋለሁ። አንተ ቶሎ በል፤ እንቁላሉ ጫጩት ሆኖ ሳይወርድ!"

ሞተሩን ጠየቀ። ሞተሩ ድምፁ ሰልሏል።

"ወንድሜ፣ እምቢ ያልኩ መሰለህ? አፌን በከፈትኩ ቁጥር ያ ግንባር ላይ ያለው ሰሌዳ ይጮህብኛል። ግማሽ ቃል ላይ ስደርስ ይቆርጠኛል። በእኛ ደንብ ደግሞ ግማሽ ቃል ቃል አይደለም፤ እንደገና እጀምራለሁ፣ እንደገና ይቆርጠኛል።"

አንዳርጌ ጆሮው ቆመ። ሰሌዳውን ጠየቀ። "ለሞተሩ ምነው ተራ አትሰጥ?"

"እንኳን ደህና መጣችሁ!" አለ ሰሌዳው።

"ሰው ሊወርድ ነው፣ ዝም በል።"

"ቀይ! አረንጓዴ! እንኳን ደህና መጣችሁ!"

አፍ እንጂ ጆሮ የለውም። ያለ ደንብ ሁለቱ ሽቦዎች ላይ ቀጥለውታል፤ እሱም ከፍሬን በላይ፣ ከሞተር በላይ አስቸኳይ ነኝ ብሎ ራሱን ሾሟል። አንዳርጌ መጀመሪያ ፈገግ አለ፣ ቀጥሎ ሳቀ፣ ቀጥሎ መሪውን ይዞ እንባው እስኪመጣ ተንከተከተ። ያን ቅዳሜ ያየው ጉድ ነው፤ ልብስ ቀይሮ መጣ እንጂ ያው ነው!

ሰሌዳው ለሞተሩ ተራ አይሰጥ፣ ሞተሩ ለማርሹ አይነግር፣ ማርሹ ለፍሬኑ አይነግር፣ ፍሬኑ ለጎማ ቆጣሪው አይነግር፣ ጎማ ቆጣሪው ለበሩ አይነግር፣ በሩ አይከፈት፣ እትዬ ስንዱ አይወርዱ!

"ሸምሱ፣ የሰሌዳውን ሽቦ ንቀልልኝ" አለ አንዳርጌ።

"ያለ ጋሼ ፈቃድ? ትናንት ነው ያስገጠሙት። ነቅዬ ልባረር?"

"መባረሩን ተወው፣ እሱን እኔ ጨርሼዋለሁ። አንተ ንቀል።"

"ጋሼ ይዘዙኛ!"

ሸምሱ ሰሌዳውን አይነቅል፣ ሰሌዳው ለሞተሩ ተራ አይሰጥ፣ ሞተሩ ለማርሹ አይነግር፣ ማርሹ ለፍሬኑ አይነግር፣ ፍሬኑ ለጎማ ቆጣሪው አይነግር፣ ጎማ ቆጣሪው ለበሩ አይነግር፣ በሩ አይከፈት፣ እትዬ ስንዱ አይወርዱ!

አንዳርጌ ወደ አቶ ድንበሩ ዞረ። አቶ ድንበሩ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩት፤ ዝቅ አድርገው አዩት።

"አንዳርጌ? አንተ አሁንም ከሽቦ ጋር ነህ?"

"አሁንም፣ ጋሽ ድንበሩ። ሸምሱን 'ሰሌዳውን ንቀል' ይበሉት።"

"ሰሌዳው ምን አደረገ? ኮምፒውተሩ ተቃጥሎ ነው። ሌላ ይገዛል።"

"ያኔም ሌላ ተገዛ። ሠራ?"

አቶ ድንበሩ ግራ ቀኙን ቃኙ፤ ጎንበስ ብለው በጆሮው አንሾካሾኩ። "ዛሬ ንቀል ካልኩ እኮ፣ ያን ቅዳሜም መነቀል ነበረበት ማለት ነው።"

"አዎ! ማለት ነው!"

"እንግዲያው አልልም።" እጃቸውን አጣጥፈው ወደ መስታወቱ ዞሩ።

አቶ ድንበሩ ሸምሱን አያዝዙ፣ ሸምሱ ሰሌዳውን አይነቅል፣ ሰሌዳው ለሞተሩ ተራ አይሰጥ፣ ሞተሩ ለማርሹ አይነግር፣ ማርሹ ለፍሬኑ አይነግር፣ ፍሬኑ ለጎማ ቆጣሪው አይነግር፣ ጎማ ቆጣሪው ለበሩ አይነግር፣ በሩ አይከፈት፣ እትዬ ስንዱ አይወርዱ!

አሁን ከአቶ ድንበሩ በላይ ማን ይፈለግ? በዚያ አውቶቡስ ውስጥ ከእሳቸው በላይ አለቃ የለም። ከበላያቸው አይኑር እንጂ ከበታቻቸው ግን አንድ ነበረች። ጠዋት ሐኪም ለኩላሊት ይበጃል ብሏቸው ውኃውን በላይ በላዩ ሲጨልጡት ነበር። ቀትር ሆነ፣ አውቶቡሱ ጋለ፣ ፊኛቸው ሞላች፤ ከሆዳቸው ሥር ሆና ጮኸች።

"ወራጅ አለ!"

አቶ ድንበሩ እግራቸውን አነባበሩ። ፈቱ። ደግሞ አነባበሩ።

"ጋሽዬ፣ ምነው እስክስታ አማረዎት?" አሉ እትዬ ስንዱ። አውቶቡሱ በሳቅ ተናወጠ።

"ይዘዙ፣ ጋሼ" አለ ሸምሱ፤ "ወንበሩ እንደሆነ ጨርቅ ነው፣ አይታጠብም።"

"ወራጅ አለ! ወራጅ አለ!" አለች ፊኛ። እሷ ጡረታ አታውቅ፣ ማዕረግ አታውቅ፣ ይሉኝታ አታውቅ።

የአቶ ድንበሩ ግንባር አላበው። አንዳርጌን አዩት፤ በሩን አዩት፤ ወንበሩን አዩት። በመጨረሻ እንደ ምንም ብለው ብድግ አሉና፣

"ንቀለው! ኧረ ንቀለው፣ አንተ ሰውዬ!" ብለው ጮኹ።

ይኸኔ ሰንሰለቱ ወደ ኋላው ተስፈነጠረ። ፊኛ አቶ ድንበሩን አዘዘች፣ አቶ ድንበሩ ሸምሱን አዘዙ፣ ሸምሱ ሰሌዳውን ነቀለ፣ ሰሌዳው ለሞተሩ ተራ ለቀቀ፣ ሞተሩ ለማርሹ ነገረ፣ ማርሹ ለፍሬኑ ነገረ፣ ፍሬኑ ለጎማ ቆጣሪው ነገረ፣ ጎማ ቆጣሪው ለበሩ ነገረ፣ በሩም ፍስስስ ብሎ ተከፈተ!

እትዬ ስንዱ አንድ እግራቸውን አነሡ። ከማውረዳቸው በፊት ግን አቶ ድንበሩ በጎናቸው ሽው ብለው አለፉ።

"እንቁላሌን! ኧረ እንቁላሌን፣ እኚህ ሰው!"

አንድም አልተሰበረ። እትዬ ስንዱ እንቁላላቸውን ታቅፈው፣ ቀስ ብለው፣ እንደ ሙሽራ ወረዱ። መንገደኛው አጨበጨበ። ሸምሱ ጥሩምባ ነፋ።

አንዳርጌም ወረደ። አቶ ድንበሩ በአንድ የድንጋይ አጥር ጥግ ፊታቸውን አዙረው ቆመዋል። አንዳርጌ ራቅ ብሎ፣ እንደ ጨዋ ጀርባውን ሰጥቷቸው ጠበቀ። ሱሪያቸውን አስተካክለው ሲዞሩ መንገዱ ላይ ቆሞ አገኙት። ከኋላው መንገደኛው ሁሉ በአውቶቡሱ በር አንገቱን አስግጓል።

"በል እንግዲህ፣ ተከፈተልህ አይደል? ሥራ አለኝ" አሉ አቶ ድንበሩ።

"በሩ ለእትዬ ስንዱ ተከፈተ፤ የእኔ ገና ነው።"

"ምን ትፈልጋለህ?"

"ገንዘብ አልፈልግም፣ ሥራውንም አልፈልግም። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ሰው 'ኮምፒውተር ያቃጠለው' እያለ ነው የሚጠራኝ። ዛሬ 'ንቀለው' ያለው አፍዎ ነው፤ ይህ ሁሉ ሰው ሰምቷል። ጥፋቱ የማጫወቻው እንደነበር ያኔም ያውቁ ነበር። አቶ ድንበሩ፣ እያወቁ ለምን 'አንዳርጌ ነው' አሉ? አይሂዱ፣ እዚሁ ይመልሱልኝ!"