የወንዝ ዳር እንጆሪ ለምን ረከሰ?

አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጽሑፌ ዶሮ የጫረው ይመስላል። ሀሌታው ሀ በሚገባበት ሐመሩ ሐ ገብቶ ቢገኝም አንባቢ ይለፈኝ፤ ስምንተኛ ክፍልን የጨረስኩት እንደ ምንም ነው። ተረቱ ግን አያስቸግርም፤ አንዱ የአንዱን ጭራ ይዞ ይሄዳል።

ስንዱ የምትባል ልጅ ነበረች። ከእናቷ ከወይዘሮ አስካለ ጋር ትኖራለች። ከቤታቸው ጀርባ ስድስት መደብ እንጆሪ አላቸው። ስንዱ ሰው ፊት ድምፅዋ ይጠፋል፤ ሐሳቧ ግን ዝም ብሎ አያውቅም፤ ሁልጊዜ «ለምን?» ይላል።

አንድ ሐሙስ እናቷ ከወንዝ ዳር ገበያ ካለፈው ጭነት የተመለሰላትን ባዶ ሳጥን ይዛ ገባችና ወለሉ ላይ ወረወረችው።

«በቃኝ! ዛሬም ኪሎውን በመቶ ሰማንያ! ጋራ ገበያ ያው እንጆሪ፣ ያው ቀይ፣ ሦስት መቶ ይሸጣል። ቅዳሜ ነቅዬ ሽንኩርት እተክልበታለሁ።»

«እኛስ ጋራ ገበያ ብንወስደው፣ እማዬ?»

«በዚያ ኮረኮንች? እስክንደርስ ጭማቂ ሆኖ በጆግ ነው የምንሸጠው!»

«እባክሽ ማሪው።»

«አልምረውም። ዋጋው ካልጨመረ አልምረውም።»

ስንዱ ወጥታ መደቦቹ ዳር ቆመች። እንጆሪው ከተነቀለ ለእሷ ግቢው ባዶ ነው። ደግሞ ነገሩ ገረማት። ዋጋ እግር የለው፤ እንዴት ብሎ ጋራ ወጣ?

ወንዝ ዳር ሄደች። ነጋዴዋ እትዬ ውብአለም ሚዛናቸውን እየጠረጉ ነበር።

«እትዬ ውብአለም፣ ዋጋውን ይጨምሩልን።»

«ምን አልሽ? አፍሽ ውስጥ ውሃ ይዘሻል እንዴ? ጮክ በይ!»

«ይጨምሩልን! እማዬ እንጆሪውን ልትነቅለው ነው።»

«እኔ ምን ላድርግ፣ የኔ ልጅ? ሹፌሩ ለእኔ ሳይጨምር እኔ ከየት አምጥቼ? እሱን ጠይቂው።»

ስንዱ ወደ ሹፌሩ ወደ ጋሽ በዳሳ ሄደች። ከገበያው እንጆሪ እየገዙ ከተማ የሚወስዱት እሳቸው ናቸው። ከአይሱዙው ስር እግራቸው ብቻ ይታያል። ስንዱ ለእግሮቹ ነገረቻቸው፤ ፊት ስለሌለ ቀለላት።

«ነጋዴዋ ለእናቴ አልጨምርም አሉ፤ እናቴ እንጆሪውን አልምርም አለች። ጋሽ በዳሳ፣ ዋጋ እንዴት ጋራ ወጣ?»

እግሮቹ ሳቁ። «ተጭኖ ወጥቶ ይሆናል፤ በእኔ መኪና ግን አይደለም! ስሚ፣ ባለ መደብሩ ለእኔ አልጨምርም ብሎ ነው። ነገ ጠዋት ጋቢና ግቢና ራስሽ ጠይቂው። እናትሽን አስፈቅጂ ብቻ።»

እናቷ «ሂጂ፣ አፍሽ ከተከፈተልሽ!» አለች።

አርብ ጠዋት ከተማ ገቡ። ባለ መደብሩ ጋሽ ሸምሱ በሙዝና በማንጎ ተከበው ተቀምጠዋል። ስንዱ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ አወረደችው።

«ሹፌሩ ለነጋዴዋ አልጨምርም አሉ፤ ነጋዴዋ ለእናቴ አልጨምርም አሉ፤ እናቴ እንጆሪውን አልምርም አለች!»

«ቆይ፣ ቆይ! ትንፋሽሽን ሰብስቢ። ስንት ሰው ነው ተሸክመሽ የመጣሽው?» አሉ ጋሽ ሸምሱ። «እኔ ወንዝና ጋራ አላበላልጥም። ኬክ ሠሪዋ ናት። የጋራውን ሳትከራከር ትወስዳለች፤ የእናንተን ስታይ ፊቷ ይጠቁራል። ምን እንዳስቀየማችኋት እንጃ። ቤቷ ያውና፣ ከመንገዱ ማዶ።»

ኬክ ሠሪዋ እትዬ ሮማን እስከ ክርናቸው ዱቄት ለብሰው ነበር።

«ምን ፈለግሽ፣ እናት?»

«ባለ መደብሩ ለሹፌሩ አልጨምርም አሉ፤ ሹፌሩ ለነጋዴዋ አልጨምርም አሉ፤ ነጋዴዋ ለእናቴ አልጨምርም አሉ፤ እናቴ እንጆሪውን አልምርም አለች። ለምን?»

እትዬ ሮማን እጃቸውን አራገፉ። «ነይ ላሳይሽ። የጋራ ሰዎች እንጆሪያቸውን ሰፌድ ላይ ዘርግተው ነው የሚልኩት። ከላይ ያየሁት ያው ነው፤ ታች የለውማ! የእናንተ ገበያ በጥልቅ ሳጥን ይልካል። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ሳጥን ላዩ ቀይ፣ ታቹ ጥሬ ሆኖ መጣብኝ። የሰርግ ኬክ ላይ ጥሬ እንጆሪ ልደርድር? የማን ሳጥን እንደሆነ ስላላወቅሁ የሁሉንም ቀነስኩ። ያደረገው ሰው ካልታወቀ አልጨምርም።»

የስንዱ ጆሮ ጋለ። ሰንሰለቱን በልቧ ከታች ወደ ላይ ብትቆጥረው ጫፉ ላይ አንድ ያላሰበችው ሰው ቆሟል። ስንዱ አልናገርም አለች፤ ኬክ ሠሪዋ ለባለ መደብሩ አልጨምርም አሉ፤ ባለ መደብሩ ለሹፌሩ አልጨምርም አሉ፤ ሹፌሩ ለነጋዴዋ አልጨምርም አሉ፤ ነጋዴዋ ለእናቷ አልጨምርም አሉ፤ እናቷ እንጆሪውን አልምርም አለች። ነገ ደግሞ ቅዳሜ ነው።

«እኔ ነኝ።»

«ምን?»

«እኔ ነኝ! ሳጥኑን የምደረድረው እኔ ነኝ። ትልልቁን ላይ፣ ያልበሰለውን ታች። እማዬ አታውቅም።»

እትዬ ሮማን ትክ ብለው አዩዋት። «እና ይህን ልትነግሪኝ ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሽው?»

«ኧረ ልጠይቅ ነበር የመጣሁት።»

ሴትዮዋ ሳይወዱ ሳቁ። «ሌላው ሰው በአንቺ ጣጣ መክሰሩን አውቀሻል?»

«አሁን አወቅሁ።»

«ከእንግዲህ በአንድ ረድፍ፣ በሰፌድ።»

«እሺ።»

«እንግዲያው ጨምሬአለሁ።»

ያን ጊዜ ስንዱ ተናገረች፤ ኬክ ሠሪዋ ለባለ መደብሩ ጨመሩ፤ ባለ መደብሩ ለሹፌሩ ጨመሩ፤ ሹፌሩ ለነጋዴዋ ጨመሩ፤ ነጋዴዋ ለእናቷ ጨመሩ፤ እናቷም እንጆሪውን ማረች!

ቅዳሜ ጠዋት እናትና ልጅ ለቀማ ላይ ነበሩ። ስንዱ የሳጥኑን ነገር ለእናቷም ተናግራለች። እናቷ ከለቀማው ቀና አለች።

«አንቺ ልጅ፣ ለብር ብለሽ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ለምን?»

ስንዱ አንድ ቅጠል በጠሰች፤ አጣጠፈችው፤ ዘረጋችው። ከዚያ ለማንም ያልነገረችውን ነገረቻት።

«እትዬ ውብአለም አንድ ቀን ሳጥናችንን ከፍተው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ‹ይሄ የማን እጅ ነው? እንዴት ያምራል!› አሉ። እኔ ከኋላሽ ቆሜ ነበር። ደግሜ ልሰማው ፈልጌ ነው።»