በቅሎዋ የሰማችው ክርክር

ጠበቃ መሸሻ ቆመውለት ወህኒ የወረደ ሌባ የለም። አንድ የበግ ሌባ ተይዞ ሲቀርብ እንኳ፣ «ክቡር ዳኛ፣ ደንበኛዬ በጉን አልነዳውም፤ በጉ ራሱ ወዶት ተከተለው እንጂ!» ብለው ችሎቱን እስኪያስለቅሱ ተናገሩና በነፃ አስለቀቁት።

በሳምንቱ ያው ሰውዬ የጠበቃውን ሰጋር በቅሎ አስከትሎ ገበያ መሃል ብቅ አለ። ጠበቃው ዐይናቸውን ማመን አቃታቸው። «በሕግ አምላክ!» ብለው አስቆሙና እየጎተቱ እዚያው ዳኛ ፊት አቀረቡት።

«እኔ አልነዳኋትም፤ ወዳኝ ተከተለችኝ» አለ ሰውዬው።

«አንተ ቀጣፊ! በቅሎ ሰው ወዳ ትከተላለች እንዴ?» ብለው ጮኹ ጠበቃው።

«እኔም መጀመሪያ አልመሰለኝም ነበር ጌታዬ። ግን የዚያን ቀን እርስዎ ሲናገሩ እሷም ከችሎቱ መስኮት ሥር ታስራ ትሰማ ነበር። ዳኛውንም፣ እኔንም፣ እሷንም አሳመኑን!»